አራት ጣት ስፖንጅ

ቢልቂስ አብዱልወሃብ ስትቆጣ ግማሽ የአብነት ሰፈር ይሰማታል። ተጋነነ የሚል ካለ፣ አንድ ቀን የመኪናውን የሹፌር ወንበር ፈትቶ ይውሰድላትና «ማታ እመለሳለሁ፣ ጨርሰሽ ጠብቂኝ» ይበላት። ከዚያ ያያታል። «ወንበሩን ለእኔ ጥለህ መቀመጫህን ይዘህ ልትሄድ?» ትለዋለች መቀሷን እንደያዘች። «በማን ልለካው? በራሴ?» ጎረቤቷ ያለው ጎማ ለጣፊ ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ ባለመኪናው ያፍራል። እሷ ግን አትስቅም፤ የምሯን ነው።

ሙያዋ አሮጌ የመኪና ወንበር ማደስ ነው። ላዳ፣ ቮልስ፣ ፊያት፣ ዕድሜ የጠገበ ላንድሮቨር፣ የማይመጣባት የለም። ልብሱን ትፈታዋለች፤ ከውስጡ እንደ ደረቀ ዳቦ የተፈረፈረ ቢጫ ስፖንጅ፣ የዛገ ሞላ፣ የጠፋ ቁልፍ፣ አንዳንዴም ትዳር ያናጋ የጆሮ ጌጥ ይወጣል። አሮጌውን ጠራርጋ ታወጣና ሞላውን ታጠብቃለች፣ ጆንያ ታነጥፍበታለች፣ አዲሱን ስፖንጅ በቢላ ቀርጻ በማስቲሽ ታጣብቃለች። እስከዚህ ድረስ ማንም ይሠራዋል። የቢልቂስ ለየት የሚለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ልብሱን አታለብሰውም። ራቁቱን ስፖንጅ መኪናው ላይ ትገጥመውና ሹፌሩን «ግባ» ትለዋለች። «ተክለ ሃይማኖት ደርሰህ ተመለስ።» ሰውየው ሱሪው በስፖንጅ ብናኝ እስኪሸፈን ነድቶ ይመለሳል። ያኔ ጎንበስ ብላ የተቀመጠበትን ታያለች፤ የቱ ጋ እንደከበደ፣ የቱ ጋ እንደሳሳ። ተረከዙ ወለሉን መንካት አለመንካቱን ትጠይቀዋለች። በጠመኔ ታሰምርና ትቀርጻለች፣ ደግሞ ትልከዋለች። ሦስት ጊዜ የተላከ አለ። የአብነት ሹፌሮች «ቢልቂስ ጋ ወንበር ከማሠራት መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይቀላል» እያሉ ያሾፋሉ፤ ግን ይመጣሉ።

ልማዱ የአባቷ ነው። አቶ አብዱልወሃብ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በነበረ አንድ የአርመን ጋራዥ ውስጥ ሙያውን የለመዱ ሰው ነበሩ። «ሹፌር ፍሬኑን የሚያገኘው አይቶ አይደለም» ይሏት ነበር። «እግሩ ከለመደው ከፍታ ተነስቶ ነው። ከፍታውን ሳይነግርሽ ከቀየርሽበት እግሩን ሰረቅሽው ማለት ነው።» ወንዶቹ ልጆቻቸው መርካቶ ገብተው ሲነግዱ ሙያው ለሴቷ ቀረ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው መቀመጫ ሲያለሰልሱ የኖሩት ሰውዬ፣ እሳቸው ራሳቸው ሲሠሩ የሚቀመጡት የዘይት ቆርቆሮ ላይ ነበር። በመጨረሻ ወገባቸው እምቢ ብሎ አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ከወንድሞቿ አንዱ እንኳ «አባባ እንዴት ነው የሚተኛው?» ብሎ ትራስ ይዞ አልመጣም። ቢልቂስ ይህን አልረሳችም፤ ይቅርም አላለችም። ስለ ወንድሞቿ ደህንነት የጠየቃት ሰው ሁለተኛ አይጠይቃትም።

አሌክስ የገባባትም በዚሁ በኩል ነው።

አሌክስ የጋሽ ወልደአማኑኤል ልጅ ነው። ጋሽ ወልደአማኑኤል ደግሞ ሰማያዊና ነጭ ላዳቸውን ሃያ ስምንት ዓመት የነዱ፣ ከልደታ እስከ ሜክሲኮ የማያውቃቸው የሌለ ባለታክሲ ናቸው። አጭር ናቸው፤ ከሩቅ ሲመጡ መኪናዋ ያለ ሹፌር የምትመጣ ትመስላለች። ቢልቂስን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቋታል፤ ጥቅል ስፖንጅ ተሸክማ ካዩዋት ደንበኛ ጭነውም ቢሆን ይቆማሉ። የላዳዋን የኋላ ወንበር ሁለት ጊዜ አድሳላቸዋለች። የሹፌሩን ወንበር ግን አያስነኩም። ስፖንጁ አልቆ፣ ሞላው ሰጥሞ፣ እሳቸውን ልክ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ነው የሚቀበላቸው። «ይሄን ተይልኝ» ይሏት ነበር። «ተላምደናል።» ቢልቂስም ይህን ሲሏት አትከራከርም ነበር፤ የገባው ሰው ንግግር ነውና።

ልጃቸው ሜክሲኮ ካሉት ባንኮች በአንዱ ውስጥ ይሠራል። ክራባት ያስራል፣ ሰው ሲያናግር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የሚሊኒየሙ በዓል ባለፈ በጥር ወር፣ ያገለገለች ኮሮላ ገዝቶ ወንበሯን ሊያሳድስ ወደ ቢልቂስ መጣ። እንደ ልማዷ ራቁቱን ስፖንጅ ገጥማ ላከችው። ሲመለስ እየሳቀ ሱሪውን አራገፈ።

«ለምንድነው ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ?» አላት።

ዝም ብትል ምን ነበረበት! አንዳንድ ሰው ሙያው ሲጠየቅ ይኮራል፤ ቢልቂስ ደግሞ ስትኮራ አፏ አይዘጋም። «ጣጣ? አንተ ገና ጎረምሳ ነህ፣ የትም ቢያስቀምጡህ ትለምዳለህ። አባትህን ብናይ ግን፣ ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብለው የነዱ ሰው ናቸው። እሳቸውን አራት ጣት ከፍ ባደርጋቸው ወላሂ ሜክሲኮን አይዞሩም! ተረከዛቸው አየር ላይ ይቀራል። ፍሪሲዮን ሲፈልጉ ፍሬን ይረግጣሉ።»

«አራት ጣት ብቻ?» አለ አሌክስ።

«አራት ጣት ብቻ!» አለችና አራት ጣቷን አጣብቃ አሳየችው። እሱም ጣቶቿን አየት አድርጎ አመስግኖ ሄደ።

በሚያዝያ መጨረሻ ተመልሶ መጣ። ከኮሮላው ኋላ የላዳዋን የሹፌር ወንበር አወረደ። አባትና እናቱ ለጸሎት ደብረ ሊባኖስ ሄደዋል፣ እስከ ሐሙስ አይመለሱም። ግንቦት አንድ የልደታ ዕለት ወንበሩን አዲስ አድርጎ አባቱን ሊያስደስት እንደሆነ ነገራት።

«አይሆንም» አለችው ቢልቂስ። «እሳቸው ካልተቀመጡበት አልዘጋውም። ደግሞ አትንኪብኝ ብለውኛል።»

«ወገቡን እያመመው እኮ ነው» አለ አሌክስ፣ ያንን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሌሊት ሲገላበጥ እሰማዋለሁ። ሐኪሙ ወንበሩ ነው፣ ከፍ ይበል፣ ጠንከር ይበል ብሎታል። አባዬ ደግሞ ታውቂው የለ፣ አመመኝ ብሎ አይናገርም። እኔ ልጁ ካላሰብኩለት ማን ያስብለታል?»

በቃ፣ ቢልቂስ አለቀላት። አባቷ አልጋ ላይ ሲያቃስቱ ታዩዋት። ትራስ ያላመጡ ወንድሞቿ ታዩዋት። ከፊቷ ደግሞ ለአባቱ ወገብ ወንበር ተሸክሞ የሚዞር የባንክ ሠራተኛ ቆሟል። «ይህን የመሰለ ልጅ!» አለች፤ እንባዋም መጣ።

«ስንት ከፍ ይበል አለ ሐኪሙ?»

«አራት ጣት።»

ኧረ አንቺ ሴትዮ! ይህ ቃል ከማን አፍ ነው የወጣው? የትኛው ሐኪም ነው ወንበር በጣት የሚለካው? ግን ሰው ልቡ ሲባባ ጆሮው አይሰማም። ቢልቂስ ያላትን ጠንካራ ስፖንጅ አወጣች፤ ያ ስፖንጅ የጭነት መኪና ላይ የሚገባ ነው፣ ዓመት ቢቀመጡበት አይረግብም። ቀርጻ፣ አጣብቃ፣ በቀይ ልብስ አልብሳ፣ በድርብ ክር ሰፍታ ዘጋችው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ ሹፌሩ ሳይቀመጥበት የዘጋችው ወንበር ያ ብቻ ነው። አሌክስ ሲጭነው «አላህ እንዳንተ ያለውን ያብዛልን» ብላ መረቀችው። አዎ፣ መረቀችው!

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ሳይደርቅ፣ ጋሽ ወልደአማኑኤል ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ እየተመረኮዙ በእግራቸው መጡ። ቢልቂስ በሕይወቷ እሳቸውን አብነት ላይ በእግራቸው አይታ አታውቅም።

«ጋሼ! ምነው በእግርዎ? ላዳዋ ምን ሆነች?»

«ላዳዋስ ደህና ናት» አሉና ደጃፏ ያለው አግዳሚ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «የተበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ነገሯትም። ከግንቦት ወዲህ እግራቸው አልታዘዝ ብሏል። መብራት ላይ ሞተር ያጠፋሉ፣ ከኋላቸው ጎረምሳ ሁሉ ጡሩምባ ይነፋባቸዋል፣ «አባባ ተኛህ እንዴ?» ይባላሉ። መሪው ጭናቸውን ይነካል። መጀመሪያ ወንበሩ ከፍ ያለባቸው መስሏቸው ለአሌክስ ነግረውት ነበር፤ እሱ ግን «አባዬ ወንበሩ አይደለም፣ እግርህ ነው» አላቸው። እሳቸውም ልጃቸው የሰጣቸውን ስጦታ ማማረር አልፈለጉም፣ ስፖንጁ ይረግባል ብለው ጠበቁ። አልረገበም። ሐምሌ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ሲደርሱ ከክረምት ትምህርት የምትመለስ አንዲት ተማሪ ገባችባቸው። ፍሬኑን ፈለጉ። እግራቸው ያረፈው ነዳጁ ላይ ነው።

«መሪውን ጠምዝዤ ድንጋዩ ላይ አወጣኋት እንጂ ይሄኔ ልጅቷ የለችም» አሉ። «ደብተሯ ነው የተበተነው። ዓይን ዓይኔን አየችኝ ቢልቂስ። አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁልፉን ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ለካ ሰው እንዲህ ነው የሚያልቀው አልኩ። ላዳዋን ነጋ የሚባል ሰው ገዝቷታል፣ ቅዳሜ ጠዋት ይወስዳታል። ደህና ሁኚ ልልሽ ነው የመጣሁት። ደግሞም አላመሰገንኩሽም ነበር። ልጄ ለእኔ ብሎ ያሠራው ወንበር ነበር፤ እኔ አልታደልኩም እንጂ።»

ቢልቂስ መቀሱን አስቀመጠች። «ወገብዎንስ? ሐኪሙ ምን አለዎት?»

«የምን ሐኪም? ሐኪም ቤት ከረገጥኩ ስንት ዘመኔ! ወገቤማ ምን ይሆናል?»

ያኔ ገባት። ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ነደደች። አሁን፣ እዚሁ፣ «ልጅዎ ነው!» ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ነገር ግን ሽማግሌው «ልጄ ለእኔ ብሎ» ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረውን አይታለች፤ ከዚያ ሁሉ ውርደት የተረፈቻቸው ያቺ ብቻ ናት። ብትነግራቸው ላዳቸውን ታገኝላቸውና ልጃቸውን ትወስድባቸዋለች። ባትነግራቸው ደግሞ ደህና እግር ይዘው እንደ ሞተ ሰው ሊቀመጡ ነው። ቢልቂስ፣ ያቺ ቢልቂስ፣ መቀሱን መልሳ አነሳች። ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ይዘው ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ግን ስፖንጁንም፣ ማስቲሹንም፣ የተወለደችበትንም ቀን ረገመች። ጎማ ለጣፊው «ምነው ደህና አይደለሽም?» ቢላት «ዝም በል!» አለችው። ማንን እንደምትሰድብ እሷም አላወቀችም። አሌክስን ስትሰድብ ራሷ ትመጣባታለች። ራሷን ስትሰድብ አባቷ ይመጡባታል። «እግሩን ሰረቅሽው» ነበር ያሏት።

በማግስቱ አርብ ሜክሲኮ ሄደች። ባንኩ ውስጥ ወረፋ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ አሌክስ ቀና ብሎ አያትና ፈገግ አለ።

«ምን ልታዘዝ?»

«የአባትህን ሐኪም ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለች፤ እሷ እንደሆነች ቀስ ብሎ መናገር አታውቅም። «ያ ወንበር በጣት የሚለካው ሐኪም! የት ነው ክሊኒኩ?»

ወረፋው ሁሉ ዞረ። አሌክስ ፊቱ አመድ መስሎ ተነሳና ክንዷን ይዞ ወደ ደረጃው ወሰዳት። «ሰው ይሰማል፣ እባክሽ!»

«ይስማ! ተማሪዋ ብትሞትስ ኖሮ? እሱንም ሰው ይስማዋ!»

«እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ!» አለ አሌክስ። «ይታክተዋል፣ ይተወዋል ብዬ ነው። ሰባ ዓመቱ እኮ ነው! በዚያች ቆርቆሮ እስከመቼ ይዞራል? ለእሱ ብዬ ነው።»

«ለእሳቸው?»

አሌክስ ክራባቱን እየነካካ እውነቱን አወጣው። ሽማግሌው ደንበኛ ሲያጡ ላዳዋን ባንኩ ፊት ለፊት ያቆማሉ። በመስኮት ብቅ ብለው «አሌክሶ! ምሳ በላህ?» ይሉታል፣ አለቃው እየሰማ። የሚያገባት ልጅ አባት ከውጭ የመጡ ሰው ናቸው፤ ለሽምግልና ሲላክ «አባትህ ምን ይሠራሉ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በግልጽ «ተው» ቢላቸው ደግሞ እንደማይተዉ ያውቃል።

«አፈርክባቸው!» አለች ቢልቂስ። «ምሳ በላህ ስላሉህ! በዚያች ቆርቆሮ አይደለም ወይ የተማርከው? ያ ክራባትህ ከየት መጣ?»

«ጨርሰሻል?» አለ አሌክስ። አሁን እሱም ተቆጥቷል። «እኔ ስፖንጅ መስፋት አልችልም። አራት ጣት ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ የሰፋሽውም አንቺ ነሽ። ሳላስቀምጥ አልሰፋም እያልሽ አብነትን የምታደነቁሪው ማን ሆነና?»

ይህ ልቧን ወጋት። ውሸት አይደለማ! በጥፊ ልትለው ምንም አልቀራትም።

«እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ አለህ» አለችው። «አንተው በአፍህ ንገራቸው። ካንተ ቢሰሙት ይሻላቸዋል። ካልነገርካቸው እኔ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ቢላዋን፣ መቀሷንና ጠመኔዋን በፌስታል ይዛ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወዳለው የጋሽ ወልደአማኑኤል ግቢ ገባች። ላዳዋ ታጥባ እንደ ሙሽራ ቆማለች። ገዢው ነጋ ጎማዎቹን እየረገጠ ይዞራታል። እትዬ ወለተሰንበት፣ የሽማግሌው ባለቤት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ደጃፍ ላይ ናቸው። ጋሽ ወልደአማኑኤል ቁልፉን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። አሌክስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ቢልቂስ ስታየው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። አልነገራቸውም! ፈሪ!

ሰላም አላለችም። የላዳዋን በር ከፍታ ቀዩን ልብስ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቢላ ቀደደችው።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ነጋ ዘለለ። «ምን አበደች ይቺ! የሰው ንብረት!»

«ገና የጋሼ ነው!» አለችና ስፖንጁን መንጭቃ አወጣችው። ግቢው መሐል ይዛው ቆመች። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልወጣም። «ጋሼ፣ ይህ አራት ጣት ይታይዎታል? እግርዎ ምንም አልሆነም። ከፍ አድርጌ ሰቀልኩዎት እንጂ እግርዎ ምንም አልሆነም። ወንበሩ ሃያ ስምንት ዓመት ከለመዱት በላይ ሆኖ ነው ፍሬኑ የጠፋብዎት። የሠራሁት እኔ ነኝ። ሳላስቀምጥዎ፣ ሳልለካዎ፣ አውቄ። እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ስፖንጁን አዩ። ከዚያ ጫማቸውን አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩት። «ማን አዘዘሽ?» አሉ ቀስ ብለው።

ለቢልቂስ አንድ ስም ነበር የቀራት፣ ዋጠችው። ሽማግሌው ግን ሞኝ አይደሉም። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ግንቦት ላይ ወንበሩ ከፍ አለብኝ ብዬህ ነበር» አሉት። «‹አባዬ እግርህ ነው› አላልከኝም?»

«አባዬ እኔ...»

«አላልከኝም ወይ?»

አሌክስ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። እትዬ ወለተሰንበት «እመቤቴ ልደታ!» ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ነጋ እንኳን ጎማ መርገጡን አቆመ።

«ነጋ፣ መኪናዋ አትሸጥም» አሉ ሽማግሌው። ነጋ የሚለውን ብሎ፣ የከፈለውን ቀብድ መልሶ ተቀብሎ፣ እያጉረመረመ ወጣ። ከዚያ ወደ ቢልቂስ ዞሩ። «ሥሪው» አሏት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ግቢው ውስጥ፣ መሬት ላይ ተንበርክካ ቀረጸችው። አንድ ጣት አነሳች፣ ገጠመችው፣ ሽማግሌውን አስቀመጠቻቸው። «ተረከዝዎ?» «አልነካም።» እንደገና አውጥታ ቀረጸች። «አሁንስ?» «ጫፉ ነካ።» ከፊት ለፊት በኩል ጭን የሚያርፍበትን ደግሞ ዘቅዘቅ አድርጋ ቆረጠች። ልብሷ ሁሉ በብናኝ ተሸፈነ። የሚሰማው የቢላው ድምፅ ብቻ ነው። በሦስተኛው ሽማግሌው ገቡ። ግራ እግራቸውን ወደ ፍሪሲዮኑ ሰደዱት፣ መለሱት፣ ሰደዱት። ቀኙን ከነዳጁ ወደ ፍሬኑ፣ ከፍሬኑ ወደ ነዳጁ። ፊታቸው በቁጣ ቀልቶ ነበር። ሦስት ወር! ሦስት ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ይህን እግር በቅባት ሲያሹት ኖረዋል።

«ግባ» አሉት አሌክስን። «ከኋላ።» ከዚያም ለቢልቂስ ከጎናቸው ያለውን በር ከፈቱላት። «አንቺም ግቢ።»

ላዳዋ ራቁቱን ስፖንጅ ተሸክማ ከግቢ ወጣች። መንገዱ ላይ ሞተር አልጠፋም፣ ማንም ጡሩምባ አልነፋባቸውም። ቢልቂስ ወደ መንገዱ አላየችም፣ ዓይኗ እግራቸው ላይ ነበር። ማርሽ ሲቀይሩ እግራቸው ለብቻው የሚያውቀውን ይሠራል። ሜክሲኮ አደባባይን አንዴ ዞሩ። ደግመው ዞሩ። በሦስተኛው ዳር ይዘው ቆሙ።

«እዚህ ጋ ነው» አሉ መሪውን እንደያዙ። «ልጅቷ የቆመችው እዚህ ጋ ነው። ደብተሯን እኔው ነኝ የለቀምኩላት። ሁለተኛ ክፍል ናት። ስሟን ደብተሩ ላይ አይቼዋለሁ፣ አልነግርህም። አንተ ስሟን ልታውቅ አይገባህም።»

ከኋላ የአሌክስ ለቅሶ ተሰማ። ሽማግሌው ዞረው አላዩትም።

«ብታፍርብኝ ምን ነበረበት» አሉ። «ሰው በአባቱ ያፍራል፣ እኔም በአባቴ አፍሬ አውቃለሁ። ራሴን እንድጠራጠር አደረግከኝ እንጂ። እጄ ሲንቀጠቀጥ እያየህ ቡና ትጠጣ ነበር። ውረድ አሁን። እናትህ ምሳ ትጠብቅሃለች፣ በእግርህ ትገባለህ።»

አሌክስ ወረደ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋውና አስፋልቱ ዳር ክራባት እንደሌለው ሰው ቆመ። ላዳዋ ግን ወዲያው አልተነሳችም።

«ጋሼ፣ እኔም ልውረድ» አለች ቢልቂስ። አለመሳደብዋ ለራሷም ገረማት።

«ልጄ ፈሪ ነው፤ ፈሪ ደግሞ የማያደርገው የለም» አሉ ሽማግሌው። «አንቺ ግን ፈሪ አይደለሽም። ሙያ አለሽ። እንደማልነዳው እያወቅሽ ነው የሰፋሽው። እኔ ለሦስት ቀን ብቻ ደብረ ሊባኖስ ነበርኩ፣ እስክመጣ መጠበቅ አቃተሽ?»

ቢልቂስ አፏን ከፈተች። ስለ ወንድሞቿ፣ ስለ ትራሱ፣ ስለ አባቷ ወገብ ልትነግራቸው ነበር። ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱም ግን መልስ አይሆንም። መልሳ ዘጋችው። እንባዋ ብናኙ ላይ እየወረደ ጉንጯን አጨቀየው።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ማርሽ አስገቡ። «ውረጂ አላልኩሽም» አሉ። «ግራ ጎኑ ይቆረቁረኛል። ሱቅሽ እንሂድና ጨርሺው።»